በመሃላችሁ የወደቀችው ኳስ

ደሬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለያየን የዚህ አገር ክረምት ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ሁለተኛውን ግን ቀን በቀን አውቀዋለሁ፤ በመስኮት እያየሁት ነው ያለፈው። ከተማችን ሽሊረን ብዙም አልተለወጠችም። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የነበረውን አሮጌ መጋዘን አፍርሰው መኖሪያ ቤት እየሠሩበት ነው። ክሬኑ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ከኩሽናችን ይታያል። አንተ ብትኖር ሻይህን ይዘህ እዚያው ቆመህ ትውል ነበር፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ማየት ትወድ ነበር።

ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ተነስቼ ተውኩት። ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም። አይደለሁም ብልህስ ምን ታደርግልኛለህ? ዛሬ ግን የከማልን ነገር የምነግረው ሰው አጣሁ። ሊያ ጥሩ ልጅ ናት፣ ታዳምጠኛለች፤ ነገር ግን ለሷ ከማል የአባቷ ጓደኛ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ሚስቱ ዘይነብ የራሷ ሸክም አለባት፤ የኔን አልጨምርባትም። ነገሩ ያንተና የሱ ነው፤ ስለዚህ ላንተው ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውጋህ። ሊያ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ወጥታለች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ በየሳምንቱ መካከል ደግሞ ትደውልና "ማሚ፣ ተርሚን አለሽ አይደል?" እያለች የሐኪም ቀጠሮዬን ታስታውሰኛለች። አማርኛዋ እየሳሳ ነው። አንተ ስትኖር ካንተ ጋር ስትከራከር ይጠነክር ነበር፤ እኔ ስለማልከራከራት በጀርመንኛ ትጀምርና በጀርመንኛ ትጨርሳለች። ሶፋውን ለወጥኩት። አንተ የምትቀመጥበት በኩል ጎድጉዶ ነበርና ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ይቀራል። የአሜሪካን ጨዋታዎች የምታይበትንም ቻናል አቋረጥኩት። ስልክ ላይ ያለችው ሴት ለምን እንደምተወው ጠየቀችኝ። "የሚያየው ሰው የለም" አልኳት። "ምናልባት ሌላ ቻናል ይፈልጉ ይሆን?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

እኔ አሁንም የምሠራው እዚያው አረጋውያን ቤት ነው። ጡረታዬ ተቃርቧል። ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ያው እንደምታውቀው። ይህን የማነሳልህ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አንተና ከማል የተገናኛችሁ ዕለት እኔ አልነበርኩም፤ ካንተም ጋር ገና አልተዋወቅንም። ታሪኩን ግን ከሁለታችሁም አፍ ስለሰማሁት ያየሁት ያህል ነው። ሁለታችሁም ጄኔቫ አዲስ ገቢ ስደተኞች ነበራችሁ። አንተ ከአዲስ አበባ፣ እሱ ከደሴ። ከከተማው ወጣ ብሎ የውጭ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሣር አጫጅነት ተቀጠራችሁ። አሜሪካውያኑ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝቦል ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሁለት ሰው ጎደለባቸውና አጥር ጥግ የነበራችሁትን እናንተን ጠሩ። ዱላውን እንዴት እንደሚይዙት እንኳ አታውቁም። ስለዚህ ወደ ኋላ ሰደዷችሁ፤ እናንተ አውትፊልድ የምትሉት፣ ሜዳው የሚያልቅበት፣ ሦስት ሰው ብቻ ተራርቆ የሚቆምበት ቦታ። ከማልን መሃል አቆሙት፣ አንተን በግራ። ሥራችሁ ርቃ ተመትታ በአየር የምትመጣውን ኳስ መሬት ሳትነካ በጓንት መያዝ ነው። "ለስደተኛ የለመደውን ሥራ ሰጡን፣ ዳር ቆሞ መጠበቅ" ትል ነበር።

ወደዳችሁት። ለምን እንደወደዳችሁት ጠይቄህ ሳትመልስልኝ ነው የቀረኸው። ያን በጋ በሙሉ ቅዳሜ ቀርታችሁ አታውቁም።

ከዚያ የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። ኳሷ ከፍ ብላ በአንተና በከማል መሃል መጣች። ሁለታችሁም ሮጣችሁ። ከማል ጮኸ። ሁለታችሁም ቆማችሁ። ኳሷ በመሃላችሁ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ጨዋታውንም በዚያው ተሸነፋችሁ። አንተ "የኔ!" ሲል ሰምቼ ነው የለቀቅኩለት ትላለህ። እሱ "ያንተ!" ነው ያልኩት ይላል። ነፋስ ነበር ትላለህ። ነፋስ አልነበረም ይላል። መሃል የቆመ ሰው የኔ ካለ ሌላው ይቆማል፣ ደንቡ ይህ ነው ትላለህ። አንተ ለኳሷ ትቀርብ ነበር፣ የምን ደንብ ነው ይልሃል። የዚያን ቀን እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣችሁ ስትከራከሩ አሜሪካውያኑ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ጓደኝነታችሁ በዚያ ተጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትጨቃጨቁባት የኖራችሁት ያችው አንዲት ኳስ ናት።

ተጋብተን እኔ ሥራ ወዳገኘሁበት ወደ ዙሪክ ስንመጣ ጭቅጭቁ በስልክ ቀጠለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰህ ጫማህን ሳታወልቅ ስልኩ ይጮኻል። አሜሪካ ውስጥ ሌሊት የተደረገውን ጨዋታ ሁለታችሁም ጠዋት አይታችሁት ነው የምትጠባበቁት። ያ የግራ ተጫዋች ለምን ወደ ኋላ ርቆ ቆመ፣ ለምን ቀረብ አላለም። አንተ ሁልጊዜ መራቁን ትመርጣለህ፤ ፊትህ የወደቀውን አንስተህ ትወረውራለህ፣ ከራስህ በላይ ያለፈውን ግን ማን ይመልስልሃል ትላለህ። ከማል ደግሞ የፈራ ሰው ነው ወደ ኋላ የሚቆመው ይልሃል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዳራሽ ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ በእንግሊዝ ክለቦች ሲንጫጩ አንተ ዝም ብለህ ትቀመጥ ነበር። ያንተን ጨዋታ የሚያውቅልህ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ጄኔቫ ነው ያለው።

የጸደዩን ቀን ደግሞ እንዴት እረሳዋለሁ። የዚያ በእጅ የሚወረወረው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች ተራ በተራ የሚመርጡበት ድራፍት ሲቃረብ፣ ከማል ጄኔቫ ጫፍ ካለው ሠፈሩ ከሜራን ተነስቶ እኛ ቤት ይመጣል። እውነተኛው ምርጫ ከመደረጉ በፊት እናንተ የራሳችሁን ታደርጋላችሁ። ቡድኖቹን ትካፈላላችሁ፤ ማን ማንን እንደሚወስድ እየገመታችሁ እንደ ባለቤት ትመርጣላችሁ። አንዱ የመረጠውን ሌላው ያጣጥላል። አንድ ዓመት የነሱ ረመዳንና የኛ ዐቢይ ጾም ገጥሞ ሁለታችሁም ጾም ይዛችሁ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ ቀኑን ሙሉ ስትከራከሩ ዋላችሁ። አንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መግደፍ ስትችል "ከማል ሳይበላ አልበላም" ብለህ ከሱ ጋር አመሸህ። እኔና ዘይነብ ኩሽና ውስጥ ሆነን "እነዚህ ሰዎች ለማይከፈላቸው ሥራ ሊሞቱ ነው" እያልን ሳቅንባችሁ።

ኅዳር ላይ ዲቲኮን ሥራ ቦታህ ልብህ ቆመች። ያን ቀን አልደግመውም፤ አንተም ነበርክበት።

ከማል በዚያው ቀን በባቡር ደረሰ። ሽሊረን መቃብር ቦታ ካህናቱ ፍትሐትህን ሲያደርሱ ከኋላ በኩል ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ሳጥንህን ካነሱት አንዱ እሱ ነው። አፈሩንም በእጁ መለሰ። ሰው ሲበታተን ተንበርክኮ "ደሬ፣ እስክሞት አልረሳህም" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንተ በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን ስልክ ዘግተህ "ከማል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ እያረጀ ነው" ብለህ ስቀሃል። እኔም ሳቅኩ።

ከተቀበርክ ብዙም ሳይቆይ፣ በአንዱ እሁድ በተለመደው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። "ሙሉ፣ እንደምን ነሽ? ደሬን አቅርቢልኝ" አለኝ። ምላሱ የሳተ መሰለኝ። ወዲያው "ይቅርታ፣ ይቅርታ እህቴ" ብሎ ዘጋው። በሚቀጥለው እሁድም ደወለ፤ በሚቀጥለውም። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ማለቱም ቀረ። ዘይነብን ስጠይቃት ሐኪም ዘንድ እንደተወሰደ ነገረችኝ። የመርሳት በሽታ ነው። እኔ ሳልጠይቃትም ማወቅ ነበረብኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከነሱው ጋር ነው።

በመጀመሪያው ጸደይ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጣጥፍ ደወሉ ተደወለ። ስከፍት ከማል ነው። ኮቱን ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ወረቀቶቹን ይዟል።

"ምነው ገረጣሽ? አልጠበቃችሁኝም እንዴ?" አለኝ።

ዘይነብ ሥራ ላይ ናት፤ መውጣቱን አታውቅም። ብቻውን ከሜራን በትራም፣ ከጄኔቫ በባቡር፣ ዙሪክ ወርዶ የሽሊረኑን ባቡር ቀይሮ መጥቷል። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። መንገዱ በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ውስጥ የጠፋው የአንተ መሞት ብቻ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባና አዲሱን ሶፋ አይቶ ፊቱን ቋጠረ። "አሮጌው ይሻል ነበር" አለ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ በር እያየ፣ "ደሬ ገና አልተነሳም?" አለኝ።

"ከማል፣ ደሬ እኮ የለም። አርፏል" አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። "መቼ?"

"ኅዳር ላይ።"

"እኔስ የት ነበርኩ?"

"እዚሁ ነበርክ። አንተ ነህ ተሸክመህ የቀበርከው።"

መዳፎቹን ገልጦ አያቸው። "ወንድሜን ቀብሬ ነው የረሳሁት?" አለ። ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። የዚያን ዕለት መቃብሩ ላይ ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰ። ውሃ ላመጣለት ወደ ኩሽና ገባሁ፤ እግረ መንገዴን ለዘይነብ ደወልኩና ከኔ ዘንድ እንዳለ ነገርኳት። ስመለስ ፊቱን ጠርጎ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ቀና ብሎ፣ "ደሬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?" አለኝ።

ደግሜ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ሥራ ቦታ "ባለቤቴ የት ሄደ?" ለሚሉኝ አሮጊቶች "አሁን ይመጣል፣ ሾርባዎን ይጠጡ" ማለት ለኔ ምንም አይደለም፤ እንደዚያ እንድናደርግ ነው የተማርነው። ይህ ግን አንተ ነህ። ቤታችን ውስጥ፣ በገዛ አፌ፣ ይመጣል ማለት ከበደኝ። ሁለተኛው ለቅሶ እንደ መጀመሪያው ነበር። "መቼ?" አለ። "እኔስ የት ነበርኩ?" አለ። እጆቹን አየ። አንድም ቃል አልተለወጠም።

ሦስተኛ ሲጠይቀኝ አቅም አጣሁ። "ሥራ ላይ ነው፣ ዲቲኮን" አልኩት።

"ቅዳሜ?"

"ሰው ጎድሎባቸው ጠርተውት ነው። ይቆያል።"

ቅር እንዳለው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው አንቺ በሱ ቦታ ምረጪለት። ቀኑ እንዳያልፍብን" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ወረቀቱን ሰጠኝ። የማላውቃቸው ወጣቶች ስም፣ ቁመት፣ ክብደት። ተራዬ ሲደርስ አንዱ ስም ላይ ጣቴን አሳርፌ "ይኼኛው ፈጣን ነው ይላል" አልኩት። "አይ፣ ደሬ ይኼን አይወስድም" አለኝ። "ደሬ መጀመሪያ ከፊት የሚከላከለውን ወፍራሙን ሰውዬ ነው የሚያነሳው። 'የሚወረውረውን ልጅ ሳይወድቅ የሚያቆምልህ ከሌለ ውርወራው ምን ሊረባህ ነው' ይልሻል።" ድምፁን እንዳንተ አወፍሮ፣ እንዳንተ ሁለተኛውን ቃል ጎተት አድርጎ ነው ያለው። ሌላ ስም አነሳሁ። "እሱን ይወስዳል፤ ግን መጀመሪያ ሻይ ይጠጣል፣ እኔን ሊያናድደኝ" አለ። እንደዚህ እያለ በተራዬ ሁሉ አንተን ያወጣልኛል። ምን እንደምትል፣ የት ላይ እንደምትስቅ፣ መቼ "በቃ ተወው" ብለህ እጅህን እንደምታወናጭፍ። ደሬ፣ ከተቀበርክ ወዲህ አንተን እንዲህ ቀርቤ ሰምቼህ አላውቅም። እያለቀስኩ መረጥኩ። እሱ ወረቀቱ ላይ ስለነበር አላየኝም።

መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሙሉ፣ እሱ የለም አይደል?"

"የለም።"

"እውነቱን ልንገርሽ። የዚያን ቀን 'የኔ' ነው ያልኩት። ጮኼ ቀና ስል እየሮጠ ሲመጣ አየሁት፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እኔን ሳያየኝ። ልንላተም ነው ብዬ ፈራሁ፤ ቆምኩ። ኳሷ ትውደቅ አልኩ። ለሱ እንዳትነግሪው፤ መሳቂያ ያደርገኛል።"

ይኸው ነገርኩህ። ረትተሃል። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅክ አውቃለሁ። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ፤ ኳሷን አይቼ የማላውቀው።

ደግሞ ይህንንም ሙሉ አድርጌ ልስጥህ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ዘይነብ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከጄኔቫ ደረሰች። ሊያም መጥታ ነበር። ሊያ ነገሩን ቀለል ልታደርግ ብላ፣ "ጋሼ ከማል፣ ያቺ ኳስ ግን የማን ነበረች?" አለችው። ቀና ብሎ፣ ኮራ ብሎ፣ "የአባትሽ ናታ። 'ያንተ' ብዬ ጮኼ ነው የለቀቅኩለት" አላት። ተመለከትኩት። ዓይኑ ውስጥ የሚሸሽግ ሰው ነገር የለም። ጠዋት የነገረኝ ሠላሳ ዓመት የደበቀው እውነት ይሁን ወይስ በሽታው የፈጠረለት፣ አላውቅም። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

ዘይነብ እጁን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ለደሬ ሰላም በይልኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ወረደ። የእሁዱ ስልክ ቀረ። ትራም ላይ ወጥቶ ይጠፋባት ጀመር፤ ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። ዘይነብ ሥራዋን ልትተው አትችልም። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሜራን አቅራቢያ አረጋውያን ቤት አስገባችው። የነገረችኝ የሰው ሕይወት እንዳጠፋች ሰው ሆና ነው። የምሠራበትን እያወቅኩ፣ "ደህና ይይዙታል" አልኳት።

ይህ ክረምት ሊወጣ ሲል ላየው ሄድኩ። ባቡሩ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ውሃው እንዲታየኝ ሁልጊዜ በግራ በኩል እንድቀመጥ ታደርገኝ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ወደ ቀኙ ዞርኩ፤ አላስቻለኝም።

ከማል መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ከስቷል። ዘይነብ እንደነገረችኝ ፈረንሳይኛው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶበታል። አማርኛ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የሚሠሩት ልጆች ደግሞ አንድ ቃል አይሰሙትም። ሲርበው ለዘይነብ ነው የሚደውሉላት፤ እሷ በስልክ ትተረጉማለች። እኔን ሲያየኝ ፊቱ በራ። "እትዬ" አለኝ። እንደዚያ የሚጠራት ደሴ የሞተችውን ታላቅ እህቱን ነበር። "እትዬ፣ አባባ ከመስጊድ ተመለሱ?"

"አዎ፣ ተመልሰዋል" አልኩት። በዚህኛው አልተቸገርኩም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ይዤ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ አላስቻለኝም፤ "ከማል፣ ደረጀን ታስታውሰዋለህ?" አልኩት። አሰበ። እንግዳን ላለማሳፈር የሚያስብ ሰው እንደሚያስበው አሰበ። "ደረጀ የማን ልጅ ነው?" አለኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ ነገርኩት፣ ስለ ሣሩ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ስለቆሙት ሁለት ሰዎች፣ በመሃላቸው ስለወደቀችው ኳስ። አንዱ የኔ አለ፣ ሌላው ያንተ ሰማ፣ ወይም ተገላቢጦሹ። በትህትና አዳመጠኝ። ስጨርስ "ሰዎቹ ኋላ ታረቁ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ተጣልተው አያውቁም" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ደሬ፣ መጀመሪያ ላይ መሞትህን ነበር የረሳው። ያ ለኔ ሥቃይ ነበር፤ ግን ቢያንስ አንድ ሰው ዘንድ ደህና ነበርክ፣ ሥራ ላይ ነበርክ፣ ልትመጣ ነበር። አሁን ከስደት በኋላ ያለው በሙሉ ተጠርጎለታል። ጄኔቫ የለችም፣ ሣሩ የለም፣ ድራፍቱ የለም። እሱ ዘንድ አልሞትክም፤ ከመጀመሪያውም አልነበርክም።

ዘይነብ እስከ ትራሙ ሸኘችኝ። "ባለፈው ሳምንት ማን ነሽ አለኝ" አለች። ወደ ሐዲዱ እያየች፣ "አትቀየሚኝ ሙሉ፣ አንቺ እንኳ ቀብረሽ ተቀምጠሻል። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ የማላውቀውን ሰው እጠይቃለሁ" አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ትራሙ መጣ፤ ተሳሳምንና ወጣሁ።

ዘንድሮም የድራፍቱ ሳምንት ደርሷል። ሊያ በስልኳ አይታ ነገረችኝ። "እንሞክር? እኔ የጋሼ ከማልን ልሁን" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ከማል በሌለበት አንተ ምን እንደምትመርጥ የሚነግረኝ የለም፤ እኔና እሷ ተቀምጠን የማናውቀውን ስም ብናነብ ያንተ አይደለም። ቅር አላት። ቅር ይበላት፤ የሌለ ነገር አለ ብዬ ላስይዛት አልፈልግም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። መቃብርህ ላይ ያለው ድንጋይ ዘንበል ስላለ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውዬው ጨዋ ነው። ድንጋዩን ያስተካክሉልኛል። በዚያው ግን፣ ዓመታቱ ሲሞሉ መቃብሩ እንደሚነሳ፣ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወሰኝ። እዚህ አገር ለሁሉም እንደዚያ ነው፤ ስትቀበርም ነግረውን ነበር፣ ያኔ ግን ጆሮዬ አልነበረም። ያ ቀን ሲመጣ በሕይወት ካለሁ ሰማንያን አልፌያለሁ። ሊያም የት እንደምትኖር ማን ያውቃል።

ስለዚህ ትልቅ ቃል አልገባልህም። እስክሞት አልረሳህም አልልህም፤ ይህን ቃል መቃብርህ ላይ ከልቡ የገባልህን ሰው መጨረሻ አይቻለሁ። ጭንቅላቴ የኔ እንዳልሆነ ሥራዬ በየቀኑ ያሳየኛል። ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ እግሬን መሬት ሳላስነካ፣ ስምህን እጠራለሁ። ደረጀ እላለሁ። ፊትህ ከመጣልኝ ተነስቼ ሥራ እገባለሁ። ዛሬ መጥቶልኛል። ነገም ከመጣልኝ፣ ነገንም አስታውስሃለሁ።

ያንተው፣
ሙሉ